ቱርቦው ደህና፣ በሩ ክፍት፦ ዳገት ያቃተው ሃይሉክስ እና የዌስትጌት አክቹዌተሩ

መኪናው

ጉዳዩ የአንድ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። እ.ኤ.አ. የ2008 ስሪት፣ 2ኬዲ-ኤፍቲቪ የተባለው ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ባለ 102 የፈረስ ጉልበቱና ኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) የሌለው ዓይነት። ቆጣሪው 312,000 ኪሎሜትር ላይ ነበር። የዘወትር ሥራው ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ዕቃ ማመላለስ ስለሆነ ዓባይ በረሃን በየሳምንቱ ወርዶ ይወጣል። ሾፌሩ ለውጡን ያወቀውም እዚያው ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ በሦስተኛ ማርሽ ይገፋው የነበረውን ዳገት በሁለተኛም እየተለመነ መውጣት ጀመረ። ሜዳ ላይ ባዶውን ሲሄድ ግን ምንም አይታወቅበትም።

ከማርሚታው ጥቁር ጭስ የለም። ዳሽቦርዱ ላይ የበራ የሞተር መብራት የለም። ፉጨትም ሆነ እንግዳ ድምፅ አይሰማም። ናፍጣው ግን ጨምሯል። ጭስ አለመኖሩ ብዙ ሰው ያሳስታል። አየር ያነሰው ናፍጣ ሞተር ያጨሳል የሚለው ለድሮዎቹ ፖምፓዎች ልክ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን ኮምፒውተሩ የገባውን አየር እያየ ናፍጣውን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ አየር ያጣው ሞተር ሳያጨስ ዝም ብሎ ይደክማል።

መኪናው እዚህ ጋራዥ ከመድረሱ በፊት የአየሩም የናፍጣውም ፊልትሮ ተቀይሯል፣ አራቱም ኢንጀክተሮች ወርደው በማሽን ተፈትሸዋል፣ በመጨረሻም ባለቤቱ የከፍተኛ ግፊት ፖምፓ እንዲገዛ ተነግሮታል። የቱርቦውን ግፊት የለካ ሰው ግን አልነበረም። ችግሩ መቼ ጀመረ ተብሎ ሲጠየቅ የመጀመሪያው መልስ "ቀስ በቀስ" ነበር። የጥገና ደረሰኞቹ በየቀናቸው ሲደረደሩ ግን ነገሩ ጠራ። ከአራት ወር በፊት አሮጌው ቱርቦ ዘይት ስላሳለፈ ወርዶ ሌላ ተገጥሟል፤ የናፍጣ ወጪው ከፍ ያለውም ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሲገባ የመጀመሪያው መሣሪያ ይኸው ጥያቄ ነው፦ ከድካሙ በፊት መጨረሻ ላይ የተነካው ዕቃ ምንድን ነው?

በሩና ጣሳው

ቱርቦ ለሞተሩ አየር ጨምቆ የሚሰጥ ዕቃ ነው። የሚያዞረው ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ፣ ማለትም የኤግዞስት ጋዝ ነው፤ ጋዙ ቱርቢኑን ያዞራል፣ ቱርቢኑም በዘንግ የተያያዘውን አየር ጨማቂ ኮምፕረሰር ያዞራል። ጋዙ ሁሉ በቱርቢኑ በኩል ቢያልፍ ዙሩ ከልክ ያልፋል። ስለዚህ በትኩሱ ወገን ጋዙን ቱርቢኑ ጋ ሳያደርስ በአቋራጭ ወደ ማርሚታው የሚለቅ ትንሽ በር አለ፤ ዌስትጌት የሚባለው ይህ በር ነው። በሩን የሚያንቀሳቅሰው አክቹዌተር ደግሞ ሁለት ሳህን ገጥመው የዘጉት የሚመስል የብረት ጣሳ ነው። ውስጡ የላስቲክ ዲያፍራም ተወጥሯል፤ በአንዱ ጎኑ ሞላ አለ፣ በሌላው ጎኑ ከኮምፕረሰሩ ቤት በቀጭን ቱቦ የሚመጣ አየር ይገፋዋል። ከዲያፍራሙ የሚወጣ ዘንግ በሩን ከሚያዞረው ክንድ ጋር ይያያዛል። ሞላው ዘንጉን ወደ ጣሳው ስቦ በሩን ይዘጋል። አየሩ ሞላውን ሲያሸንፍ ዘንጉ ይወጣል፣ በሩም ይከፈታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ ነገሩን ይገለብጠዋል። በግፊት በሚከፈት አክቹዌተር ላይ ቀጭኗ ቱቦ ብትበጠስ ወይም ዲያፍራሙ ቢቀደድ፣ በሩን የሚከፍተው ኃይል ስለሚጠፋ በሩ እንደተዘጋ ይቀራል፤ የቱርቦው ግፊት ያልፋል እንጂ አያንስም። "ዲያፍራሙ ስለተቀደደ ግፊት የለውም" የሚለው ምርመራ ለዚህ ዓይነት ቱርቦ ፈጽሞ አይሠራም። ግፊቱ አንሶ ከተገኘ መፈለግ ያለበት ተቃራኒው ነው፦ መዘጋት ያለበት በር አልተዘጋም፣ አለዚያም ጊዜው ሳይደርስ ተከፍቷል። ምክንያቱ የደከመ ወይም የሌላ ቱርቦ የሆነ ሞላ፣ ከልኩ የረዘመ ዘንግ፣ ካርቦን ይዞት ያልተቀመጠ በር፣ ወይም የተሰነጠቀ የበር መቀመጫ ሊሆን ይችላል።

ስህተቱ የሚመጣው ከሌላው ዓይነት ነው። በቫኩም የሚሠሩት አክቹዌተሮች በተቃራኒው ናቸው፤ እነሱን ቫኩሙ ይዘጋቸዋል፣ ቫኩም ካጡ ይከፈታሉ። እዚያ የተቀደደ ቱቦ በእርግጥ ግፊት ያሳጣል። አንዱን ከሌላው ለመለየት ሞተሩ ጠፍቶ ክንዱን ማየት ነው። ዘንጉ በልኩ ሆኖ ያለ ምንም ግፊት በሩ ተዘግቶ ከቆመ በግፊት የሚከፈት ነው፤ ተከፍቶ ከቆመ በቫኩም የሚዘጋ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው አንድ ነገር አለ። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍም ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ናፍጣ ይቆርጣል፤ ሾፌሩ የሚሰማው ያው "ጉልበት የለውም" ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ብልሽቶች በአንድ ስሞታ ስለሚመጡ፣ ከአቤቱታ ብቻ ተነስቶ ዕቃ ማዘዝ አይቻልም። መለካት ግዴታ ነው።

ዜሮው የት ነው?

ስካነር (የሞተሩን ኮምፒውተር ንባብ የሚያሳየው መሣሪያ) ከመሰካቱ በፊት አንድ ነገር መጥራት አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ብዙ የቱርቦ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። የኢንቴክ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት መንገድ) ግፊት ሴንሰሩ የሚያነበው ጠቅላላውን ግፊት ነው፤ የከባቢ አየሩም አብሮ ይቆጠራል። ባሕር ጠረፍ ላይ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት ሴንሰሩ ወደ 101 ኪሎፓስካል ያሳያል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የሚታየው ወደ 77 ነው። ከከባቢ አየሩ በላይ የተጨመረውን ለማወቅ ከንባቡ መቀነስ ያለበት ይህ 77 ነው እንጂ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው 100 አይደለም። ስካነሩ 150 ቢያሳይ ቱርቦው የጨመረው 73 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 0.73 ባር ነው። 100 የቀነሰ ሰው 0.50 ብሎ ጽፎ ጤነኛውን ቱርቦ ያስወርዳል።

ይህ ንባብ ሴንሰሩንም በነጻ ይፈትሻል። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ 101 ወይም 60 የሚያሳይ ሴንሰር ካለ ቱርቦውን ትቶ መጀመሪያ ሴንሰሩንና ሽቦውን ማየት ነው። የእኛው መኪና 77 አሳየ። ሴንሰሩ እውነት እየተናገረ ነው ማለት ነው።

የአክቹዌተሩ ሌላ ወገን ለከባቢ አየር ክፍት ስለሆነ ሞላው የሚያውቀው ልዩነቱን ብቻ ነው። ስለዚህ በ0.92 ባር የሚገድብ አክቹዌተር ጅቡቲም እንጦጦም ላይ 0.92 ላይ ይገድባል። ወደ ሞተሩ የሚገባው ጠቅላላ ግፊት ግን ጅቡቲ 193፣ አዲስ አበባ 169 ይሆናል፤ ልዩነቱ 12 በመቶ ገደማ ነው። ከጠረፍ የመጣ ሾፌር "ሽቅብ ስመጣ ደከመ" ሲል ከድካሙ የተወሰነው የከፍታው ነው፤ ማንም ጋራዥ አይጠግነውም። የዚህ መኪና ሾፌር ግን ያንኑ የደጀን ዳገት ከዓመታት ጀምሮ ያውቀዋል። ዳገቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መኪናው ነው።

መንገድ ላይ የተገኘው

ለመለኪያ እስከ 2.5 ባር የሚያነብ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ)፣ ከሞተር ክፍል እስከ ጋቢና የሚደርስ 3 ሜትር ቱቦ፣ እና የውስጥ ቀዳዳው 4 ሚሊሜትር የሆነ ቲ (ሦስት አፍ ያለው የቱቦ ማገናኛ) ያስፈልጋል። ቲው የሚገባው ከኮምፕረሰሩ ቤት ወደ አክቹዌተሩ በምትሄደው ቀጭን ቱቦ መሃል ነው። በሦስቱም ጫፍ በፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) መጥበቅ አለበት። ቲው ካፈሰሰ አክቹዌተሩ የሚደርሰው አየር ይቀንሳል፣ በሩ ይዘገያል፣ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፤ መለኪያው ራሱ ውጤቱን ይቀይረዋል ማለት ነው። ቱቦው በኮፋኖው ጠርዝ ሲያልፍ አለመቆልመሙንም ማየት ነው። መንዳቱና ማንበቡ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ማንሳት የለበትም።

መንገዱ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ሆነ፤ መኪናው ላይ 500 ኪሎ ግራም ተጭኗል። በሦስተኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር ተነስቶ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ እስከ 3,000 ዙር። ለማነጻጸር ያንኑ ሞተር የያዘ፣ ባለቤቱ የማያማርረው ሌላ ሃይሉክስ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጭነት፣ በዚያው ዳገት ወጣ። የሚወዳደር ጤነኛ መኪና ማግኘት ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል፤ ከፍታውም ሙቀቱም መንገዱም አንድ ይሆናልና።

ጤነኛው በ1,800 ዙር 0.55 ባር ደረሰ፤ ከፍተኛው 0.92 ሆኖ እዚያው ረጋ። የታመመው በ1,800 ዙር 0.20 ላይ ነበር፤ ከዚያ እየተጎተተ 0.48 ደረሰና ቆመ። ስካነሩም አብሮ መሰከረ፦ በዚያ ከፍታ ሞተሩ ጠፍቶ 74 የነበረው ንባብ በሙሉ ጭነት 122 ሆነ፤ ልዩነቱ ያው 48 ኪሎፓስካል።

ከከፍተኛው ቁጥር ይልቅ የአወጣጡ ቅርጽ ይበልጥ ይናገራል። ሞላ ብቻ የደከመበት ቱርቦ መጀመሪያ ላይ እንደ ጤነኛው ፈጥኖ ይወጣል፤ ከዚያ ገና በአጭሩ ይቆማል። አየሩ ከቱርቦው በኋላ በቀዳዳ የሚወጣበት መኪና ከዙሩ ጋር እየጨመረ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ይፉጫል። ከመጀመሪያው ዘግይቶ፣ በዝግታ ወጥቶ፣ በአጭሩ የሚቆም ግን ጋዙ ገና ከመነሻው በአቋራጭ እየሾለከ ነው። የዚህ መኪና ቅርጽ ይህን ይመስላል።

አክቹዌተሩ ላይ ከመድረስ በፊት ሌሎቹ ምክንያቶች አንድ በአንድ ተጣሩ። የአየር ፊልትሮው ቤትና መግቢያ ቱቦው ንጹሕ ነበር። ኢንቴኩ የቱርቦው አፍ ተደፍኖ በ0.7 ባር አየር ተሞልቶ በሳሙና ውሃ ታየ፤ አየሩ ከመቆጣጠሪያ ጋር መሰጠት አለበት፣ የዘይት መሙያ ክዳኑም ይከፈታል፤ አለዚያ ግፊቱ ወደ ዘይት ቋቱ አልፎ የዘይት መከላከያ ላስቲኮችን ሊያስወጣ ይችላል። አንድ ፋሸታ ጥቂት አረፋ አወጣ፤ ሲጠብቅ መንገድ ላይ ለውጥ የለውም። የኤግዞስት ማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ዙሪያ የጥላሸት ምልክት የለም። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ኢንቴኩ የሚመልሰው ኢጂአር ቫልቭ ለሙከራ በቆርቆሮ ተደፈነ፤ ንባቡ ንቅንቅ አላለም። ቆርቆሮው ከሙከራው በኋላ ወጥቷል። የቱርቦው ዘንግ በጣት ሲነቀነቅ ወደፊትና ወደኋላ የሚሰማ ክፍተት የለውም፤ የኮምፕረሰሩ ምላስ ቤቱን የነካበት ጭረትም የለም። ቱርቦው ደህና ነው።

ጣሳው ሲነካ

የሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ሲነሳ ገና ምንም ሳይለካ ሁለት ነገር ታየ። የዘንጉ መቆለፊያ ዳዶ ጠርዞቹ በቁልፍ ተፍቀው ብረቱ ገና ያብረቀርቃል። ተለክቶ የተዘጋጀ አክቹዌተር ብዙ ጊዜ እዚያ ዳዶ ላይ እንዳይነካ የሚያስጠነቅቅ የቀለም ጠብታ ይኖረዋል፤ እዚህ ቀለም የሚባል የለም። ጣሳውን የያዘው ብራኬት ደግሞ አንዱ ቀዳዳው ተሞርዶ ሞላላ ሆኗል፤ ቡሎኑ እንዲገጥም ሲባል የተደረገ ነው። ለቦታው የተሠራ ዕቃ አይሞረድም። ይህ ጣሳ የሌላ ቱርቦ ነው።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር። በዘንጉና በክንዱ መገናኛ ያለችው ትንሽ ክሊፕ ወጣች፣ ዘንጉም ከክንዱ ተለየ። ክንዱ በእጅ እስከ መጨረሻው ወደ መዝጊያው ሲገፋ በሩ መቀመጫው ላይ የሚያርፍበት ደረቅ የብረት ድምፅ ተሰማ። በዚህ ሁኔታ የዘንጉ ዓይን የክንዱን ፒን ሳያገኝ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ሊያጥር ይገባል። ያቺ ጉድለት ናት በሩን በሞላው ኃይል አጥብቃ የምትይዘው። እዚህ ግን ዓይኑ ፒኑን አልፎ 1.5 ሚሊሜትር ሄዷል። ዘንጉ ረዝሟል፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በሩን ገፍቶ ከፍቶት ይቆማል። የ1,800 ዙሩ 0.20 ባር መልሱን አገኘ።

ዘንጉ እንደተለየ ማኖሜትር ያለው የእጅ ግፊት ፓምፕ ጣሳው ላይ ተሰካ፤ የዘንጉ ጫፍ ላይ የሰዓት ቀስት የመሰለው የሚሊሜትር መለኪያ ተደገፈ። የጋራዡን ኮምፕሬሰር በቀጥታ መስጠት አይገባም፤ 8 ባር ዲያፍራሙን በአንድ ትንፋሽ ይቀደዋል። ዘንጉ በ0.25 ባር መንቀሳቀስ ጀመረ። በ0.35 ባር 2 ሚሊሜትር፣ በ0.50 ባር 5፣ በ0.75 ባር 10 ሚሊሜትር ወጣ፤ ዘንጉ መውጣት የሚችለው እስከ 12 ነው። ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 0.05 ባር ይፈልጋል ማለት ነው። በ0.60 ባር ላይ ተይዞ አንድ ደቂቃ ሲቆይ ቀስቱ አልወረደም፤ ዲያፍራሙ ጤነኛ ነው። የጤነኛው መኪና አክቹዌተር በቦታው እንዳለ ሲለካ መንቀሳቀስ የጀመረው በ0.82 ባር ነበር።

ስለዚህ ብልሽቱ አንድ አልነበረም። ዘንጉ ረዝሟል፤ ሞላውም ለዚህ ሞተር በጣም ለስላሳ ነው። ሁለቱን ለመለየት ለሙከራ ያህል ዘንጉ ብቻ ተስተካከለ። ጥርሱ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ስለሚሄድ ከ1.5 ትርፍ ወደ 2 ጉድለት ለማምጣት ሦስት ዙር ተኩል አጠረ። መንገድ ላይ በ1,800 ዙር 0.45 ባር፣ ከፍተኛው 0.60 ሆነ። አጀማመሩ ወደ ጤነኛው ተጠጋ፤ ጣሪያው ግን ዝቅ እንዳለ ቀረ። የደከመ ሞላ ቅርጽ ማለት ይኸው ነው።

አሁንም ዘንጉን ማሳጠር ነው?

እዚህ ደረጃ ላይ የሚመጣውን ፈተና ዳዶ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፦ ሦስት ዙር ተኩል ይህን ካመጣ፣ ሌላ ጥቂት ዙር ቢጨመር ሥራው አለቀ። ሒሳቡ ግን አይፈቅድም። መክፈቻውን ከ0.25 ወደ 0.82 ባር ለማድረስ 0.57 ባር ይጎድላል፤ በ0.05 ሲካፈል 11.4 ሚሊሜትር መሳብ ማለት ነው። የጣሳው ጠቅላላ መንገድ 12 ሚሊሜትር ነው። በሩን ለመክፈት የሚቀረው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ግፊቱ 0.82 ሲደርስ በሩ ሊከፈት ይሞክራል፣ መንገድ ግን የለውም፤ ከዚያ በላይ ዙሩ ሲጨምር ግፊቱ ያለ ገደብ ይወጣል። ዲያፍራሙም ዘወትር ዳርቻው ድረስ ተወጥሮ ስለሚውል ብዙ ሳይቆይ ይቀደዳል። ያን ጊዜ በሩ ጭራሽ አይከፈትም፤ ቱርቦውም ይሄዳል።

ከፍታ ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ቱርቦ 77ቱን ኪሎፓስካል ወደ 169 ለማድረስ አየሩን 2.19 ጊዜ ማጠፍ አለበት፤ ጅቡቲ ላይ ለዚያው 0.92 ባር 1.91 ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያለ ቱርቦ ለተመሳሳይ ግፊት ከጠረፉ ይልቅ በፍጥነት ይዞራል። "ከፍታው ያሳጣንን እንመልስ" ተብሎ ዘንጉ ሲሳብ የጅቡቲውን 193 እዚህ ለማግኘት 2.5 ጊዜ ማጠፍ ይጠየቃል። ዘንጉና ኩሽኔታዎቹ የሚከፍሉት ዋጋ ነው። ዘንጉን ማስተካከል የሚፈቀደው ትክክለኛውን ሞላ ወደ ትክክለኛው ልኩ ለማምጣት ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ሞላ በዘንግ አይታረምም።

በሩ፣ ከዚያ አዲሱ ጣሳ

አዲስ አክቹዌተር ከመታዘዙ በፊት በሩ ራሱ መታየት ነበረበት። የታችኛው የኤግዞስት ቱቦ ወረደ፤ ሦስቱ ቡሎኖች ዝገት ስለያዛቸው ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ተነፍቶባቸው አድረዋል፤ በኃይል መስበር ከቱርቦው ቤት ጋር ያጣላል። በባትሪ ብርሃን ሲታይ በሩና መቀመጫው ላይ ስስ ካርቦን አለ። በናስ ብሩሽ ጸዳ፤ ብረት ብሩሽ መቀመጫውን ይፍቃል። በሩ ተዘግቶ በዙሪያው 0.05 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) በአራት ቦታ ተሞከረ፤ አልገባም። የክንዱ ዘንግ ቡሹ ውስጥ ጥቂት ይጫወታል፣ በሩ ግን መሃሉን አይስትም። በመቀመጫው ጥግ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረ፤ ከበሩ ቀዳዳ ወደ ቱርቢኑ መንገድ አልተሻገረም፣ ስለዚህ እንዳለ ተተወ። ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ ጋዙ በሩ ተዘግቶም ይሾልካል፤ የትኛውም አክቹዌተር አያድነውም፣ ትኩሱ ቤት ይቀየራል።

አክቹዌተሩ የታዘዘው ቱርቦው ላይ በተሰፋችው ትንሽ ሰሌዳ ቁጥር ነው። በመኪናው ሞዴል ወይም በመልክ መግዛት ነው ይህን ሁሉ ያመጣው፤ ሁለት ጣሳዎች በመልክና በብራኬት መንትያ ሆነው ሞላቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊለያይ ይችላል። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛም እዚያው ሱቁ በር ላይ የእጅ ፓምፑን ሰክቶ የመክፈቻ ግፊቱን ማየት አምስት ደቂቃ አይወስድም።

አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ የመክፈቻ ግፊቱ 0.82 ባር ነው። ብራኬቱ ተቀይሮ ሁለቱ 6 ሚሊሜትር ቡሎኖች በ9 ኒውተን ሜትር ታሰሩ። ክንዱ እየተዘጋ የዘንጉ ዓይን ፒኑን ሳያገኝ በ1.5 ሚሊሜትር እንዲያጥር ተደረገ። ዓይኑን ፒኑ ላይ ለማግባት ዘንጉ በፒንሳ አልተጎተተም፤ ፓምፑ 0.9 ባር ሲሰጠው ዘንጉ በራሱ ወጣ፣ ዓይኑ ፒኑ ላይ ገባ፣ አዲስ ክሊፕ ተገጠመ። ዳዶው ሲዞር ዘንጉ በሌላ ቁልፍ ተይዟል፤ ዘንጉ አብሮ ከዞረ ዲያፍራሙ ውስጡ ይጠመዘዛል፣ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ከጥቂት ወር በኋላ ግን እዚያው እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል።

መጀመሪያ ሲለካ በሩ በ0.80 ባር ጀመረ። ግማሽ ዙር ሲያጥር 0.83 ሆነ። መቆለፊያው ዳዶ ሲጠብቅ ደግሞ 0.82 ላይ አረፈ። ከመጥበቁ በኋላ እንደገና መለካት ያለበት ለዚህ ነው፤ ዳዶው ጥርሱን ሲስብ ልኩ ጥቂት ይሸሻል። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቱም ጊዜ ያው ሲሆን ዳዶው ላይ ቢጫ ቀለም ተቀባ።

ቀጭኗ ቱቦም ተቀየረች። አሮጌዋ ከሙቀት የተነሳ ጫፏ ደርቆ እንደ ሸክላ ይሰነጠቅ ነበር። አዲሷ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ናት፤ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ 25 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ ከኤግዞስቱ አምስት ሳንቲሜትር ርቃ ታስራለች፤ በሁለቱም ጫፍ ፋሸታ አላት። ይህች ቱቦ ዛሬ ግፊት አላሳጣችም። ነገ ብትሰነጠቅ ግን ከላይ እንደተባለው ግፊቱን አሳልፋ ቱርቦውን ትጨርሰዋለች።

ያው ዳገት፣ ያው 500 ኪሎ ግራም፣ ያው ሦስተኛ ማርሽ። በ1,800 ዙር 0.54 ባር፤ ከፍተኛው 0.93። ስካነሩ ከ74 ተነስቶ 167 አሳየ። ማኖሜትሩ ሳይወርድ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ሁለተኛ ጊዜ ተወጣ፤ ንባቡ 0.92 ሆነ። ፖምፓው አልተገዛም። ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ከሄደ በኋላ፣ ዓባይ በረሃን አራት ጊዜ ወርዶ ከወጣ በኋላ፣ መኪናው ተመልሶ የእጅ ፓምፑ ተሰካለት። በሩ በ0.82 ባር ተነሳ፤ ዳዶው ላይ ያለው ቢጫ ቀለምም ስንጥቅ አልነበረውም።